ፉኩኦካ ላይ አንድ እራት ብቻ ቢኖራችሁ፦ የኮላጅን ሆትፖት ወይስ ራመን?

ፉኩኦካ ለሆዳም ሰው ፈተና ናት። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሃካታ ጣቢያ በምድር ውስጥ ባቡር አምስት ስድስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሻንጣችሁን ሆቴል አስቀምጣችሁ ስትወጡ በየጥጉ የሚንተከተክ ድስት ይጠብቃችኋል። በአንድ በኩል ጠረጴዛ መሃል ተጥዶ አብረው የሚበሉት ሆትፖት አለ። በሌላ በኩል ለአንድ ሰው በጎድጓዳ ሳህን የሚቀርበው ራመን የሚባል የኑድል ሾርባ አለ። ሁለቱም በዚህ ደረጃ ጎን ለጎን የሚገኙበት ሌላ የጃፓን ከተማ ጥራ ብትሉኝ ይቸግረኛል።

መነሻቸው አንድ ነው፤ አጥንትና ቆዳ ለሰዓታት መቀቀል። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ሁለቱም ኮላጅን በሚባል የቆዳና የአጥንት ፕሮቲን ስም ይሸጣሉ። ሜኑ ስትገልጡ «ለቆዳ ውበት» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ከጎኑ ጉንጯ የሚያበራ ሴት ፎቶ አይጠፋም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በኮላጅን ብዛት አትምረጡ። ድስቱ ውስጥ የማን አጥንት እንዳለና ጠረጴዛው ዙሪያ ማን እንደተቀመጠ አይታችሁ ምረጡ።

መጀመሪያ የአሳማውን ነገር እንጨርስ

ኦርቶዶክስ ሁኑ ሙስሊም፣ ወይም እንዲሁ ሳትለምዱት ቀርታችሁ ይሁን፣ አሳማ የማትበሉ ከሆነ ግማሹ ምርጫ እዚሁ ያልቃል። ሃካታ የፉኩኦካ አንድ ክፍል ናት፤ የሃካታ ራመን ማለት ደግሞ ቶንኮትሱ ራመን ነው። መረቁ ራሱ የአሳማ አጥንት ነው። ከላይ የተደረገችውን ቁራጭ ስጋ አንስቶ ወደ ዳር ማድረግ ምንም አይለውጥም። ብዙ የኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ያለ ስጋ አድርግልኝ» ይልና ደስ ብሎት የአሳማ መረቁን ይጠጣል።

ከሆትፖቶቹ ሚዙታኪ የዶሮ ነው። ሞትሱናቤ አብዛኛውን ጊዜ የከብት አንጀት ነው፤ የአሳማ የሚጠቀሙ ቤቶችም ስላሉ ይጠየቃል። ቶሪ ፓይታን የሚባለው ራመን በዶሮ መረቅ ይሠራል። ግን እሱም ላይ የአሳማ ስጋ ጣል የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ከጎን የሚታዘዘው በሊጥ የተጠቀለለ ጊዮዛ ደግሞ ራመን ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አሳማ አለበት።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ «ቡታኒኩ ሃይቴማስ ካ?» የአሳማ ስጋ አለበት ወይ ማለት ነው። አስተናጋጁ ከተጠራጠረ ወጥ ቤት ገብቶ ጠይቆ ይመለሳል። ስለ መረቁ ለብቻው ጠይቁ። ስለ ስጋው ብቻ ከጠየቃችሁ ስለ ስጋው ብቻ ነው የሚመልስላችሁ።

የእርድ ነገር የሚያሳስባችሁ ከሆነ ዶሮውም አይፈታውም። ሃላል ወይም ኮሸር የሚል ምልክት ከሌለ የተለመደው የጃፓን ዶሮ ነው። ሶሱም ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳኬ ወይም ሚሪን የሚባል የሩዝ መጠጥ ይገባል። ቶኪዮ የምታልፉ ሙስሊሞች አሳኩሳ ሰፈር ያለውን ናሪታያን ልብ በሉ። በሃላል ራመን የሚታወቅ ቤት ነው። ፉኩኦካም ሃኮዛኪ ሰፈር ውስጥ በ2009 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተ መስጊድ አላት። የትኛው ምግብ ቤት እንደሚሻል እዚያ የሚሰግዱት ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ሚዙታኪ፦ ተረጋግቶ ለሚበላ ሰው

ከነአጥንቱ የተቆራረጠ ዶሮ በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ ለሰዓታት ይቀቀላል። ሚዙታኪ በአጭሩ ይሄ ነው። ቁሌት የለውም፤ ቅመምም የለውም። በርበሬ ያደገበት ሰው የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲቀምስ «ይሄ የታማሚ መረቅ ነው እንዴ?» ሊል ይችላል። ታገሱ።

ታሪኩ ከ100 ዓመት በላይ ይሄዳል። የናጋሳኪው ተወላጅ ሃያሺዳ ሄይዛቡሮ በወጣትነቱ ሆንግ ኮንግ ሄዶ የአውሮፓውያንን ጥርት ያለ መረቅና የቻይናውያንን የዶሮ አቀቃቀል አየ። ሁለቱን አዋህዶ በ1905 ፉኩኦካ ውስጥ ሱይጌትሱ የተባለውን ቤት ከፈተ። ቤቱ ዛሬም አለ፤ መረቁም ዛሬም ጥርት ያለ ነው። በ1910 የተመሠረተው ሺንሚዑራ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ዶሮውን በኃይለኛ እሳት አንተክትኮ ነጭ፣ ወፈር ያለ መረቅ ያወጣል። ዛሬ አብዛኛው ሰው ሚዙታኪ ሲባል የሚመጣለት ይሄኛው ነጩ ነው።

ነጭ የሚሆነው እንዴት ነው? ዶሮ በዝግታ ሲቀቀል ስቡ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፤ በጭልፋ እየተገፈፈ ይወጣል። በኃይል ሲንተከተክ ግን ስቡ ወደ ደቃቅ ጠብታ ይሰባበራል። ከቆዳና ከአጥንት የወጣው ጄላቲን ያንን ጠብታ ከውሃው ጋር ይዞ ያስቀረዋል። ነጩ ቀለም ከዚህ ነው የሚመጣው። ወተት አልገባበትም፤ ክሬምም የለበትም። የቶንኮትሱ ራመን ንጣትም በዚሁ መንገድ የሚመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ነጭ መረቅ ከጥርት ያለው የበለጠ ኮላጅን አለው ማለት አይደለም። ጥርት ያለውም ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይረጋል። ልዩነቱ የስብ ነው። ስለዚህ ከበድ ያለ፣ አፍ ላይ የሚቆይ ነገር ከወደዳችሁ ነጩን እዘዙ። የዶሮውን ጣዕም ለብቻው ማግኘት ከፈለጋችሁ ጥርት ያለውን። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥርት ያለው ይበልጥብኛል። ነጩ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚበላ ሰው ይበልጥ ያስደስታል፤ ይሄን አልክድም።

አበላሉ ተራ አለው። መጀመሪያ አስተናጋጇ በትንሽ ስኒ መረቅ ብቻ ትቀዳላችኋለች። ቆንጠር ያለ ጨውና ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል ታደርግበታለች። ይሄን አትዝለሉ። የቤቱ ሙያ በሙሉ የሚታወቀው እዚህች ስኒ ላይ ነው። ቀጥሎ ዶሮው በፖንዙ እየተጠቀሰ ይበላል። ፖንዙ የአኩሪ አተር ሶስና የኮምጣጣ ፍሬ ጭማቂ ድብልቅ ነው። ከዚያ የተፈጨ ዶሮ ድቡልቡል፣ ቶፉ፣ እንጉዳይና ጎመን ይገባል። ሃካታ ላይ ጎመኑ ጥቅል ጎመን ነው። የቻይና ጎመን ውሃ ስለሚለቅ መረቁን ያቀጥነዋል ይላሉ። በመጨረሻ በተረፈው መረቅ ሩዝና እንቁላል ይበስላል። ዞሱይ ይባላል። ለዚህ ሆዳችሁ ውስጥ ቦታ ተዉ፤ ብዙ ሰው በዶሮው ጠግቦ ዋናውን ያልፈዋል።

ቃጠሎ ለሚናፍቀው ሰው መፍትሔ አለ። ዩዙኮሾ ይባላል። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ጨውና ዩዙ የሚባል የኮምጣጣ ፍሬ ልጣጭ አንድ ላይ ተፈጭተው ነው የሚሠራው። ዳጣ ያደገበት ሰው ወዲያው ዘመዱን ያገኘ ያህል ይሰማዋል። ግን ወደ ድስቱ አትጨምሩት፤ በየሳህናችሁ ላይ ትንሽ ትንሽ አድርጉ።

ወጪው ቀላል አይደለም። ተራ በተራ የሚቀርበው ሙሉ እራት ለአንድ ሰው ብዙ ጊዜ ከ4,000 እስከ 7,000 የን ይደርሳል። የቆዩት ቤቶች ከዚያም ይዘላሉ። አብዛኞቹ ቢያንስ የሁለት ሰው ትዕዛዝ ይፈልጋሉ፤ ቀድሞ ማስያዝም ያስፈልጋል። ለብቻችሁ ከሆናችሁ ወይም ገንዘብ ከጠበባችሁ ሃካታ ሃናሚዶሪን የመሰለ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ቤት በምሳ ሰዓት ሞክሩ። ምሳው ይረክሳል፤ ጥበቃውም ያጥራል። ድሮ የተከፈቱት ቤቶች ውስጥ ጫማ አውልቆ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ስላለ ቀዳዳ የሌለው ካልሲ አድርጉ። ቀልዴን አይደለም።

ስለ ኮላጅኑ እውነቱ

ኮላጅን ቆዳን፣ ጅማትንና አጥንትን አያይዞ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ለረጅም ሰዓት ሲቀቀል ጥብቅ ገመዱ ይፈታና ጄላቲን ይሆናል። ያደረ የዶሮ መረቅ የሚረጋው ለዚህ ነው። ከንፈራችሁ እርስ በርሱ ተጣበቅ ተጣበቅ የሚላችሁም ለዚሁ ነው። ይሄ የምግብ ቤቱ ማጋነን አይደለም። መረቁ ውስጥ በእርግጥ አለ።

ጥያቄው ከዋጣችሁት በኋላ ነው። ሆድ ውስጥ ሲገባ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይሰባበራል። ወደ ደም የሚገባው አሚኖ አሲድና አጫጭር የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ሰውነት ያንን የት እንደሚያውለው አያማክራችሁም። «እኔ ለጉንጬ ነው የበላሁት» ብትሉት አይሰማም። የራሱን ኮላጅን ለመሥራት ደግሞ ቫይታሚን ሲ ያስፈልገዋል። በዚህ በኩል አንድ ብርቱካን ከጎን መብላት ምንም አይጎዳም።

ጥናት የለም ማለት አይደለም። ቀድሞ የተሰባበረ የኮላጅን ዱቄት በየቀኑ ከ2.5 እስከ 10 ግራም ለሁለት ሦስት ወር የወሰዱ ሰዎች የቆዳቸው እርጥበትና መለጠጥ በመጠኑ ተሻሻለ የሚሉ ጥናቶች አሉ። ብዙዎቹ ዱቄቱን በሚሸጡ ድርጅቶች ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። የአንድ ምሽት ድስት ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ «ለውጥ አለ» የሚል ሰው ካያችሁ ምናልባት በደንብ ተኝቶ ይሆናል።

እና አንዳንድ ቤቶች በተጨማሪ ክፍያ የሚያቀርቡት ድቡልቡል ኮላጅን አለ። ድስቱ ውስጥ ጠብ ሲል ይቀልጣል። መረቁን ያወፍረዋል፤ በቃ። ሚዙታኪ ላይ ጨርሶ አያስፈልጋችሁም፤ ድስቱ ራሱ ሞልቶታል። ቀጭን መረቅ ባለው ተራ ሆትፖት ላይ ግን ለአፍ የሚሰጠው ነገር ስላለ አንድ ብታዙ አልቃወምም።

በዚህ ርዕስ ላይ ከቆዳ ይልቅ ልታስቡበት የሚገባው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል። አንድ ሳህን ራመን እስከ መጨረሻው ጠብታ ከተጠጣ ብዙ ጊዜ ያንን ብቻውን ያልፋል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ኑድሉን በልቶ መረቁን ይተወው። መተው እዚያ አገር ነውር አይደለም። ሁለተኛው ሪህ ነው። አንጀትና ለሰዓታት የፈላ መረቅ ሪህ ለሚቀሰቅስበት ሰው ጥሩ አይደሉም። ከዚህ አንጻር ሞትሱናቤ ከሁሉም ይከፋል።

ሞትሱናቤ፦ ጨዋታ ላለው ጠረጴዛ

ዱለት የሚበላ ሕዝብ የከብት አንጀት አያስደነግጠውም። ስለዚህ ሞትሱናቤን ለኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ጠፍጣፋ ድስት ላይ የታጠበና የተቆራረጠ አንጀት ከነስቡ ይደረጋል። በላዩ ላይ ጥቅል ጎመን ይከመራል። ከዚያ ኒራ የሚባል የነጭ ሽንኩርት ጠረን ያለው ረጅም ቅጠል፣ የነጭ ሽንኩርት ስንጥቅና ክብ ክብ የተቆረጠ ቀይ ቃሪያ ይጨመራል። ክምሩ መጀመሪያ ላይ ያስፈራል። እሳቱ ሲነካው ወዲያው ይሟሽሻል።

ሞትሱናቤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስጋ በጠፋበት ዘመን የመጣ የድሃ ምግብ ነው። ቶኪዮ ላይ የነገሠው በ1992፣ የጃፓን ኢኮኖሚ ከተንኮታኮተ በኋላ ነበር። ርካሽና አጥጋቢ ነበራ። ዛሬ ፋሽኑ አልፏል፤ ፉኩኦካ ግን አልለቀቀችውም።

መረቁ በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ በአኩሪ አተር ሶስ ወይም ሚሶ በሚባል የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ። ራኩተንቺ የተባለው ቤት በሶሱና ተራራ በሚያክል ኒራው ይታወቃል። ያማናካና ኦያማ በሚሶው ስም አላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በሶሱ ጀምሩ። ሚሶው ይጣፍጣል፣ ግን የስቡን ክብደት ይደራርበዋል፤ ሁለት ሳህን ላይ ትቆማላችሁ። መጨረሻ ላይ ወፈር ያለ የቻምፖን ኑድል ይጨመራል። የአንጀቱን ስብ የጠጣው ኑድል ከራሱ ከአንጀቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም።

ዋጋው መሃል ላይ ነው። ድስቱ ለአንድ ሰው ከ1,500 እስከ 2,500 የን ገደማ ነው፤ የሁለት ሰው ትዕዛዝ መነሻው ነው። መጠጥና ጎን ለጎን የሚመጣ ነገር ሲደመር ይጨምራል። ሳታዙት የሚቀርብ ትንሽ ሳህን ካያችሁ አትደናገጡ። መጠጥ በሚሸጡ ቤቶች የመቀመጫ ክፍያ ነው፤ ጥቂት መቶ የን ሒሳቡ ላይ ይታከላል። ጉርሻ ግን አይሰጥም። ጠረጴዛው ላይ ትታችሁት ብትወጡ ሮጠው ይመልሱላችኋል።

ልብሳችሁ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። በማግስቱ ስብሰባ ያለው ሰው ይወቀው።

ቶንኮትሱ ራመን፦ ለብቻ፣ ቶሎ፣ በርካሽ

አሳማ ለሚበላ ሰው ይሄ የፉኩኦካ ልብ ነው። መነሻው ግን ፉኩኦካ ከተማ አይደለም። ከሃካታ ጣቢያ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር ከ20 ደቂቃ በታች የምትርቀው ኩሩሜ ናት። እዚያ በ1937 ናንኪን ሰንርዮ የተባለ የመንገድ ዳር መሸጫ የአሳማ አጥንት መረቅ ጀመረ። የዚያን ጊዜው መረቅ ጥርት ያለ ነበር። ነጩ የመጣው በ1947 ነው። እንደሚነገረው ሳንኪዩ የሚባል ሌላ መሸጫ ባለቤት ለጉዳይ ወጣ ሲል ድስቱ ከልክ በላይ ፈልቶ ነጣ። ቀመሰው፤ ጣፈጠው፤ ቀረ። ኩሩሜ ላይ አሁንም አሮጌው መረቅ ሳያልቅ አዲስ እየታከለበት ይቀጥላል። ሽታው ከመንገድ ማዶ ይሰማል። የሃካታው ለስለስ ይላል። ሽታ የማትችሉ ከሆነ ኩሩሜ አትሂዱ። ሽታው ነው የሚጣፍጠው ለሚል ደግሞ ከኩሩሜ ሌላ የለም።

ኑድሉ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው። ኢንዶሚ የለመደ ሰው ጠመዝማዛውን ቢጠብቅ አያገኘውም። ቀጭን የሆነበት ምክንያት የናጋሃማ የዓሣ ገበያ ነው። የገበያው ሠራተኞች ጊዜ አልነበራቸውም፤ ቶሎ የሚበስል ኑድል ፈለጉ። ቀጭን ኑድል ግን መረቅ ውስጥ ቶሎ ይልማል። ስለዚህ ትንሽ ኑድል ይቀርብና በልታችሁ ስትጨርሱ በዚያው መረቅ ላይ ሌላ ኑድል ትጨምራላችሁ። «ካኤዳማ» ብሎ መጥራት ነው፤ 100 ወይም 150 የን ገደማ። መረቃችሁን ቀድማችሁ ከጠጣችሁ ለሁለተኛው ዙር የሚቀር የለም።

ጥንካሬውን ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ለስላሳ፣ መደበኛ፣ «ካታ»፣ ከዚያ «ባሪካታ»፣ እያለ ግማሽ ጥሬ እስኪሆን ይሄዳል። «ካታ» በሉና አትሳሳቱም። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ቀይ ዝንጅብል፣ ሰሊጥና ቃሪያ የገባበት የጎመን ቅጠል መጀመሪያ አትንኩ። መረቁን ቀምሳችሁ ግማሽ ከደረሳችሁ በኋላ ጨምሩ።

ከስም ባላቸው ቤቶች መሃል ኢቺራንና ኢፑዶ ሁለቱም የፉኩኦካ ልጆች ናቸው። ኢቺራን በሰውና በሰው መሃል የእንጨት መከለያ አለው። ምርጫችሁን ወረቀት ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ከፊታችሁ መጋረጃው ገለጥ ብሎ ሳህኑ ይገባል። ማንም አያያችሁም። ለብቻው የሚጓዝ፣ ቋንቋ የማይችል፣ ዓይነ አፋር ሰው ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም። ለጨዋታ ግን የሞተ ቦታ ነው። በ1985 ዳይምዮ ሰፈር የተከፈተው ኢፑዶ ብርሃን አለው፤ ሙዚቃ አለው፤ ሁለት ሦስት ሆኖ መቀመጥ ይቻላል። ከሁለቱም ይልቅ የሰፈሩ ሰው የሚሰለፍባትን ትንሽ ቤት የሚመርጡ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ነኝ።

አንድ ሳህን ከ700 እስከ 1,000 የን ገደማ ነው። ብዙ ቦታ በር ላይ ካለው ማሽን ትኬት ቆርጣችሁ ነው የምትገቡት። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ድምፅ እያሰሙ መሳብ ነውር አይደለም። በልታችሁ ስትጨርሱ ግን ተነሱ። ሰው ከኋላችሁ ቆሟል።

ያታይ የሚባሉት የመንገድ ዳር ድንኳኖችስ? ወደ 100 ገደማ አሉ፤ ናካሱ፣ ተንጂንና ናጋሃማ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ለፎቶና ለጨዋታ ሂዱ። ስምንት አስር ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው፤ ከማታውቁት ሰው ጋር ታወራላችሁ። ለራመኑ ጥራት ብላችሁ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ ያለው ይሻላል። መጸዳጃ የላቸውም። ከባድ ዝናብ ከጣለም ብዙዎቹ አይከፈቱም።

በመሃል ያለው ቶሪ ፓይታን

የአሳማውን ራመን መብላት የማይችል፣ የሆትፖቱን ዋጋ የማይፈልግ ሰው ቶሪ ፓይታንን ይፈልግ። ነጭ የዶሮ መረቅ ነው፤ በራመን ሳህን ይመጣል፤ ዋጋውም የራመን ነው። ፉኩኦካ ላይ ቶንኮትሱ ስለነገሠ ከቶኪዮና ከኪዮቶ ይልቅ ፈልጎ ማግኘት ይጠይቃል። ያንን «ቡታኒኩ» የሚለውን ጥያቄ እዚህም አትርሱ።

እንግዲህ ማን የቱን ይምረጥ?

ከወላጆቻችሁ ወይም ከትልልቅ ሰዎች ጋር ከሆናችሁ ሳላመነታ ሚዙታኪ እላለሁ። አያቃጥልም፣ ለጥርስ አይከብድም፣ ቁጭ ብሎ ማውራት አለ፣ አስተናጋጇ ታገላግላችኋለች። እማማ «ወጥ የት አለ?» ቢሉ ዩዙኮሾውን አቅርቡላቸው። ልጆች ካሉም ይሄው ይሻላል፤ አጥንቱን ብቻ እያወጣችሁ ስጧቸው።

አራት ጓደኛሞች ሆናችሁ ማምሸት ከፈለጋችሁ ሞትሱናቤ ነው። ሚዙታኪ ላይ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሞትሱናቤ ላይ ከፍ ያደርጋል። ከመሃላችሁ አንድ ሰው አንጀት የማይበላ ከሆነ ግን አታስገድዱት። ድስቱ አንድ ነው፤ ማምለጫ የለውም።

ለብቻችሁ ሆናችሁ አሳማ የምትበሉ ከሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ቶንኮትሱ። ባቡራችሁ ሊነሳ አርባ ደቂቃ ሲቀረው እንኳ ይደረስበታል። ለብቻችሁ ሆናችሁ አሳማ የማትበሉ ከሆነ የሃናሚዶሪ ምሳ ወይም ቶሪ ፓይታን ነው።

ረቡዕና አርብ፣ ወይም በዐቢይ ጾም የምትደርሱ ሰዎች ችግር ውስጥ ናችሁ። ከዘረዘርኩት ውስጥ የሚሆናችሁ የለም። ኡዶን የሚባለው ወፍራም ኑድል ስጋ ሳይኖረው ይገኛል፤ መረቁ ግን ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተና ለንስሐ አባታችሁ እተወዋለሁ። ጥብቅ ጾመኛ ከሆናችሁና ቶኪዮ የምታልፉ ከሆነ ቲስ ታንታን የሚባል ቤት ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ አለ። ከእንስሳ የሚመጣ ነገር የሌለበት የሰሊጥ ራመን ያቀርባል።

ጃፓን ሳትሄዱ መሞከር የምትፈልጉም አላችሁ። ኢፑዶ ኒው ዮርክ የገባው በ2008 ነው፤ ለንደን ላይ ከ2014 ጀምሮ አለ። ኢቺራን ብሩክሊን ውስጥ በ2016 ከፍቷል። ዋጋው ከፉኩኦካው ጋር አይነጻጸርም፤ ታክስና ጉርሻ ሲጨመርበት ጭራሽ። ሆትፖቱን በኮላጅን ስም ከጃፓን ውጪ ያስጮኸው ደግሞ ሲንጋፖር ላይ ጹካዳ ኖጆ የተባለው ምግብ ቤት ነው። «ቢጂን ናቤ» የሚባለው ድስታቸው የሚመጣው የዶሮው መረቅ እንደረጋ ነው። ዓይናችሁ እያየ ይቀልጣል። ማስታወቂያው ለቆዳ ነው የሚለው፤ እናንተ ግን መጀመሪያ መረቁን በስኒ ጠይቁ። አትክልትና ኑድል ከገባበት በኋላ መጀመሪያ የነበረው ጣዕም አይመለስም።